ኬኔ ድኛለሁ ብላ ከመሰከረች በኋላ

ኬኔ ድናለች ተብሎ የተጨበጨበ ዕለት እኔ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብዬ የሸሚዝ ቁልፍ በየመልኩ እየለየሁ ነበር። መሲ እባላለሁ፤ ነቀምቴ ውስጥ ክር፣ ዚፕ፣ ገበርና ቁልፍ የምሸጥ ጉራጌ ነኝ። ጭብጨባው ከላይኛው መንገድ ካለው ጸሎት ቤት በድምፅ ማጉያ ወርዶ ሰፈሩን ሞላው። ቀጥሎ የኬኔ ድምፅ መጣ። «ጌታ ፈውሶኛል፤ በእምነት ተቀብያለሁ» አለች በኦሮምኛ። አላመንኳትም። ምክንያቱም በዋዜማው እዚሁ ሱቄ ውስጥ የክር ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ጠዋት መነሳት እንዴት እንደሚከብዳት እየነገረችኝ ስታለቅስ ነው የዋለችው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ኬኔ ልብስ ሰፊ ናት፤ የእሷና የእኔ ሱቅ የሚለያየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ድሮ ግን አስተማሪ ነበረች። ጊዳ አያና፣ ከአያና ከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ ትንንሾቹን ታስተምር ነበር። የኦሮሞውም የአማራውም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ያ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ከተማሪዎቿ የሞቱባት አሉ፤ ከሁለቱም ወገን። ስማቸውን አንድ ቀን ጠርታ ነገረችኝ፤ ሁለተኛ አላነሳችውም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ከባሏ ከሞሲሳና ከልጃቸው ከአሜን ጋር ነቀምቴ የገቡት የለበሱትን ለብሰው ነው። ሞሲሳ የመንግሥት ሥራ አገኘ። እሷ የእናቷን የስፌት መኪና አስመጥታ የተማሪ ዩኒፎርምና የመዘምራን ጋውን መስፋት ጀመረች። ራሷም ትዘምራለች። መጀመሪያ ሰሞን አፏ አያርፍም ነበር። «አንቺ ጉራጌ ሆነሽ መርካቶ እያለልሽ እዚህ ዝናብ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። «የክር ዱቤሽን ሳትከፍዪ ስትሸሺ ለመያዝ ነው» እላታለሁ። ስንሳሳቅ ደንበኛው ሁሉ መጥቶ በሯ ላይ ይቆም ነበር።

ያቺ ሴትዮ በአንድ ክረምት ውስጥ ጠፋች። ሰውነቷ አለ፤ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷ ግን የለችም። እጅጌ በአንገት በኩል ትሰፋለች። ፈትታ ታስተካክልና እንደገና በዚያው ትሰፋዋለች። ደንበኛ ገብቶ «አካም ጅርታ፣ ኬኔ?» ይላታል፤ ያው እንዴት ነሽ ማለቱ ነው። «ፈያ፣ ገላታ ዋቃ» ትላለች ቀና ሳትል። ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ሰውየው ሄዶም ያንኑ ትደግመዋለች። የወለጋውን ሥራ ሥር፣ አንጮቴ፣ ቀቅዬ አመጣሁላትና ሳትነካው ሳህኑ ላይ ደረቀ። ሲብስብኝ ተቆጣኋት፤ ቁጣዬን እንኳ አልሰማችውም።

አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ ፌስቡክ ላይ «የአእምሮ ጤናዎን ራስዎ ይፈትሹ» የሚል ነገር አየሁ። መጀመሪያ ራሴን ፈተሽኩ። ትንሽ ጭንቀት አለብዎት አለኝ። ነጋዴ ሆኖ የማይጨነቅ ካለ ያሳዩኝ ብዬ ሳቅኩ። ጥያቄዎቹ ግን አላሳቁኝም፤ አንዳንዶቹ ኬኔን ቁጭ ብለው አይተው የጻፏቸው ይመስሉ ነበር። ስልኬን ይዤ ወደ እሷ ሱቅ ገባሁና በሩን ገርበብ አደረግኩት።

አነበብኩላት። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምንም ነገር ደስ አላለኝም ያልሽበት ጊዜ አለ? «ተመስገን ነው» አለች። እንቅልፍ? «ተመስገን።» ራስሽን እንደማትረቢ አድርገሽ ያየሽበት ጊዜ? «አይ፣ ጌታ ይመስገን።» እኔም ደግሞ የነገረችኝን እየነካሁ ሄድኩ፤ በጭራሽ፣ በጭራሽ፣ በጭራሽ። መጨረሻ ላይ አረንጓዴ በራና ጤናማ ነዎት አለን። እጅጌውን ደረት ላይ የሰፋችው ጋውን ጭኗ ላይ እንዳለ ነው ጤናማ የተባለችው።

ደሜ ፈላ። «ሰላም ልልሽ አይደለም እኮ የመጣሁት» አልኳት። «እኔን ማታለል ትችያለሽ። ይሄ ግን ስልክ ነው፤ ያልሽውን ብቻ ነው የሚያውቀው።»

እጇን ዘረጋች። ስልኩን ሰጠኋት። ብቻዋን፣ ቀስ እያለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንብባ መለሰች። ያኔ ቀይ በራ። ምልክቱ ከባድ የድብርት ምልክት ነው ይላል፤ ይህ ምርመራን አይተካም፤ ሳይዘገዩ ባለሙያ ያማክሩ ይላል። ደጋግማ አነበበችው። ቀና ብላ «እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ስም አለው ማለት ነው?» ያን ጊዜ ነው አብሬያት ያለቀስኩት። ሆስፒታል እሄዳለሁ አለች፤ ለሞሲሳ ዛሬውኑ እነግረዋለሁ አለች። ፊቷ ላይ ትንሽ ደም ተመለሰ።

ሞሲሳ ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱን ይወዳታል፤ ውሃ የሚቀዳላት፣ ልጁን የሚያጥብላት ባል ነው። «እንሂድ፤ መጀመሪያ ግን ኦቦ ጋሩማን እናማክራቸው» አላት። በዚያው ሰሞን ሞሲሳ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌነት ታጭቶ ነበር፤ ሳያማክር ምንም አያደርግም።

ኦቦ ያው አቶ ማለት ነው፤ ጋሩማ የጸሎት ቡድኑ መሪ ነው። ስሙን ለውጬዋለሁ፤ ማንም እንዲያውቀው አልፈልግም። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ ድምፁ የሚያምር፣ ሲናገር ሰው ጸጥ የሚልለት። እውነቱን መናገር ስላለብኝ ይሄንንም ልናገር፤ እነ ኬኔ ሜዳ ላይ ሲወድቁ ቤት የፈለገላቸው እሱ ነው፣ ብርድ ልብስ ያሰባሰበላቸውም እሱ። ድሮ አንቱ ነበር የምለው። አሁን አልለውም።

ሰማቸውና «ስልክ የሚነግርሽን ነው የምትቀበይው ወይስ ቃሉ የሚነግርሽን?» አላት። ጾም ጸሎት ተያዘላት። ሴቶቹ ቤቷ እየመጡ እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት፤ ምግብ ሠሩላት፤ አሜንን ያዙላት። ይሄን አልነቅፍም። እነሱ ዘንድ ያለው ልማድ ግን ይሄ ነው፤ የተጸለየለት ሰው ፈውሱ ገና ሳይሰማው ቆሞ ይመሰክራል። ድኛለሁ ማለት ነው የሚያድነው ይላሉ፤ አሁንም ያመኛል ያለ ጸሎቱን አፈረሰው ማለት ነው። እኛ ኦርቶዶክሶችም ብንሆን ጠበል እንሄዳለን፤ ጠበሉ ግን ገና ሳትደርቂ ውጪና መስክሪ አይልም። ኬኔ ሰው ፊት ቆማ የማይሰማትን መስክራ አታውቅም፤ ያን ሁሉ ደግነት ተቀብላ ግን እንዴት እምቢ ትበል? ቆማ መሰከረች። ጭብጨባው ያ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ነው። ድሮ ታማ ቁጭ ማለት ትችል ነበር፤ አሁን የዳነችዋ ኬኔ ሆና መሳቅ አለባት። መንገድ ላይ ያቅፏታል። የታመመ ዘመድ ያለው ሁሉ፣ አንቺ የተደረገልሽ ነሽ፣ ጸልዪለት እያለ ያመጣባታል፤ እሷም እጇን ጭና ትጸልያለች። ሱቋ ስትገባ በሩን ትዘጋና ድምፅ እንዳይወጣ ጨርቅ አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ እኔ እሰማለሁ። ጉቴ ከተማ ድረስ ወስደው አስመሰከሯት። ከጉቴ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ሹፌሩ መጥቶ ጠራኝና እጇን ይዤ አወረድኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክር ልትገዛ ገባች። የጠየቀችውን ሰጠኋት። አልሄደችም። «መሲ፣ አሜንን ትወጃታለሽ አይደል?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም። ልጅቷ አንቺን ትወድሻለች። ሞሲሳ ብቻውን አይችላትም፤ አልፎ አልፎ ብታዪያት ብዬ ነው።»

የሰጠኋትን ክር መልሼ ከእጇ ወሰድኩ፤ ለምን እንደወሰድኩ ዛሬም አላውቅም። በሩን ዘጋሁ። «መሞት ነው የምታስቢው?» አልኳት፤ እንዲያው በደረቁ። ተቆጥታ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ያንን ፈተና ለራሷ ፈልጋ ደግማ ሠርታዋለች። የመጨረሻው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ የሚለው ነው። መልሷ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚለው ላይ ነበር።

«ነገ ጠዋት ሆስፒታል ነን» አልኳት።

«መስክሬያለሁ እኮ፣ መሲ። ሰው ቢያየኝ ምን ልበል? በጌታ ስም ዋሽታለች ይሉኛል። ሞሲሳንም በእኔ ምክንያት ያዋርዱታል።»

«ይበሉ። ለቅሶሽ ላይ ቆመው በእምነት ዳነች ከሚሉ ዋሽታለች ይበሉ።»

ወደ ሌላ ከተማ እንሂድ አለች፤ ጉቴ፣ ጊምቢ፣ የማያውቁን ዘንድ። ጉቴማ ያስመሰከሩሽ ቦታ ነው አልኳት። ጊምቢ ድረስ መንገዱን ማን አምኖ ይሄዳል? ሌሊቱን ብቻዋን እንዳትሆን ለሞሲሳ ደወልኩለትና በጣም አሟታል፣ ካጠገቧ እንዳትለይ አልኩት። እሷ ራስ ምታት ነው አለችው። በነጋታው ነጠላዬን አመጣሁና እኛ ለቅዳሴ እንደምንለብሰው አጣፍቼ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፈንኩላት። እሷ ነጠላ እንዲህ ለብሳ አታውቅም፤ ኦርቶዶክስ ሆና ነው ከሰፈር የወጣችው። ሕመሟን ለመታከም ሃይማኖቷን መደበቅ ነበረባት። እየሄድን ለማሳቅ «ስታምሪ፣ አመተ ማርያም እንበልሽ እንዴ?» አልኳት። አልሳቀችም።

የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰው ሁሉ ግድግዳ ግድግዳ ነው የሚያየው። ጥግ ላይ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ማስክ ያደረገ ሰውዬ ተቀምጧል። ቀነአ የሚባል ወጣት ነርስ በሩን ከፈተና ስም ሊጠራ ሲል ሰውየውን አይቶ ፈገግ አለ። «ጋሼ ጋሩማ፣ ዛሬ ዘገዩ፤ መድኃኒቱ ሳያልቅ ይምጡ አላልኩም?» አለው። እንደ ቤተሰብ ነው ያናገረው።

ሰውየው ተነሳ። አነሳሱን፣ ትከሻውን አወቅነው። ኬኔ ክንዴን ጨመደደችው። ገብቶ ሲወጣ የመድኃኒት ፌስታሉን ኮቱ ውስጥ እየከተተ ነበር። ያን ጊዜ ነርሱ የእሷን ስም ከነአባቷ ጠራ። ጋሩማ ባለበት ቆመ። በነጠላው ውስጥ ዓይኗን አየ፤ እሷም የእሱን አየች። ወጥቶ ሄደ።

ውስጥ አብሬያት ገባሁ። ቀነአ እንዴት ነሽ አላት። «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» አለች፤ ልማድ ነዋ። አልተቻኮለም። «እዚህ ደህና ነኝ ማለት ግዴታ አይደለም» አላት በኦሮምኛ። ስልኳን አወጣችና ፈተናውን አሳየችው። ይሄ እንደ ቴርሞሜትር ነው አላት፤ ትኩሳት እንዳለ ይነግርሻል እንጂ ከምን እንደሆነ አያውቅም፤ መምጣትሽ ነው ትልቁ ነገር። ከዚያ ስለ ሞት ማሰቧን ፊት ለፊት ጠየቃት። አዎ አለችው። ስለ ተማሪዎቿም ነገረችው፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራች። እኔ ግድግዳውን አየሁ። መድኃኒት ጻፈላት፣ ቶሎ ቶሎ እየመጣች እንድታወራው ቀጠሮ ሰጣት፣ እስኪሻላት ብቻዋን እንዳትሆን ለእኔ አደራ አለኝ፣ ሐሳቡ ከባሰባት በማንኛውም ሰዓት ይዣት እንድመጣ ነገረኝ። በድንገት እንዳታቋርጪው አላት።

ጋሩማ ግቢው በር ላይ ጠበቀን። ማስኩን አውልቆታል፤ ባንዴ ያረጀ መሰለኝ።

«ኬኔ፣ ልጄ» አላት።

«ስንት ጊዜዎ ነው?» አለችው።

«አሜን ሳትወለድ ጀምሮ ነው የምወስደው።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም? እያወቁ?»

መሬት መሬቱን አየ። «መድኃኒት ውሰጂ ብልሽ ከየት አወቅክ ይሉኛል። ስንት ሰው ነው በእኔ ጸሎት የቆመው። አንድ ጊዜ አንዲት እህት ጠርጥራ አወራች። እንዳይታወቅብኝ ብዬ መድኃኒቱን ጣልኩት። ባለቤቴ ባትደርስልኝ ዛሬ በሕይወት የለሁም።»

ኬኔ ትንሽ አሰበች። «አንድ ነገር ልለምንዎ፣ ኦቦ። ስለ ራስዎ ምንም አይናገሩ። ሞሲሳን ብቻ ጠርተው፣ ሚስትህ ሆስፒታል ትሂድ ይበሉት። እርስዎ ካሉት በቂው ነው።»

«አልችልም» አለ። «ከእኔ አፍ ከወጣ ያው ነው።» ከዚያ ዛሬ አልተያየንም አለንና መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። አንቱታዬ እዚያ በር ላይ ነው የቀረው።

ክኒኑ እኔ ዘንድ ተቀመጠ፤ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቷ በፊት መጥታ በእኔ ውሃ ትውጠዋለች። መጀመሪያ ሰሞን አፏን አደረቃት፣ አቅለሸለሻት፤ ልተወው አለች፤ ተጨቃጨቅን። ቀነአ ዘንድ ተመላለሰች። ቀስ በቀስ እንቅልፍ መጣላት። አንድ ጠዋት ርቦኛል አለችኝ። ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ በሰው ርሃብ ተደስቼ አላውቅም። ለሞሲሳም ራሷ ነገረችው። ተቆጣ፣ አለቀሰ፣ ቢያንስ ለሰው አትንገሪ አላት።

የጸሎት ቤቱ ኮንፈረንስ ደረሰ። ከየከተማው እንግዳ መጣ፤ የኬኔ ምስክርነት በፕሮግራሙ ላይ ገባ። ያስገባው ጋሩማ ነው። ምናልባት ከወትሮው ብትቀር ሰው ይጠይቃል ብሎ ይሆናል፤ አላውቅለትም። ኬኔ ግን «ሁለተኛ አልዋሽም» አለችኝ። «የእኔን ምስክርነት ሰምታ ቤቷ የተቀመጠች አንዲት ሴት ብትኖርስ?» ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ፣ ማርያም ይቅር በዪኝ፣ እነሱ ጸሎት ቤት ገብቼ ፊት ወንበር ላይ ከሞሲሳ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ማይኩን ያዘች። «ድኛለሁ ብዬ ነበር» አለች። «አልዳንኩም ነበር። ልጄን ለሰው ትቼ ልሞት አስቤ ነበር። ሆስፒታል ሄጃለሁ፤ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። አሁን እተኛለሁ፣ እበላለሁ። ለዚህም ጌታን አመሰግናለሁ። እንደኔ የሆነ ካለ ሄዶ ይታከም።»

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ከኋላ አንዲት ሴት አሜን ልትል ጀምራ ተወችው። የመዘምራኑ መሪ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ በነጋታው ከመዘምራኑ እንድታርፍ ነገሯት። ሞሲሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ጋሩማ ተነሳ። ማይኩን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ። በዚያ በሚያምር ድምፁ «እህታችን እምነቷ ደክሟል» አለ። «እጃችንን ዘርግተን እንጸልይላት።» እጁን ራሷ ላይ ጫነ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ደፍታ፣ እስኪጨርስ ቆመችለት። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ጮኾ ጸለየ።

ወደ ቦታዋ ስትመለስ እኔ ተነስቼ ነበር። እዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ከሆስፒታል ኮቱ ውስጥ ምን ደብቆ እንደሚወጣ ልነግራቸው አፌን ከፍቻለሁ። ኬኔ የእጄን አንጓ ያዘችኝ።

«ልቀቂኝ» አልኳት። «ያዋረደሽን አዋርጄው ልውጣ።»

ጆሮዬ ላይ ተጠጋች። «ብትናገሪ ዛሬውኑ መድኃኒቱን ይጥለዋል» አለችኝ። «ከዚያ ይሞትብናል፣ መሲ።»

ተቀመጥኩ።